ሐሰተኛ ከሆነ ወረቀቱን ለምን ፈለገው?

  የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ስለ ሰዓት ነው፤ ስለ አሮጌ የእጅ ሰዓት። «ይኼ ሰውዬ በዚህ ሁሉ ችግራችን መሀል ስለ ሰዓት ያወራል?» እንዳትሉኝ። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ባለፈው ሳምንት ነው። ጫቱ ከአገር ቤት ገብቶ የጅቡቲ ሰው ሁሉ ወደ ጥላው በተሰበሰበበት ሰዓት፣ አንዲት የድሬዳዋ እናት ባልባላ ወደምኖርባት ክፍል መጡ። ውኃ ጠጡ፤ ላባቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና አንድ የወንድ የእጅ ሰዓት መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ልጄ፣ አባትህ ሰዓት ሠሪ ነበሩ አሉ። እስቲ እየው። ወርቅ ነው ወይስ ነሐስ?»

እውነት ነው፤ አባቴ አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ ሰዓት ሲጠግን ነው ያሳደገኝ። እኔ ሙያውን አልጨረስኩትም፤ ግን ክዳን መክፈትና በማጉያ መነጽር ማየት ከልጅነቴ አውቃለሁ። ማጉያዋም እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ናት። ከቤት ስወጣ ከያዝኳቸው ጥቂት ነገሮች አንዷ ነች።

እማማ ነገሩን አስረዱኝ። የልጅ ልጃቸው ዓይን ሕክምና ያስፈልገዋል። ሰዓቱን ለአንድ ነጋዴ አሳይተውት «ፎርጅድ ነው እማማ፤ ለእርስዎ ስል ግን 15 ሺህ ፍራንክ እሰጣለሁ» ብሏቸዋል። አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ገደማ ነውና 85 ዶላር ያህል መሆኑ ነው። ተስማምተው ሊወጡ ሲሉ ነጋዴው ጠራቸው። «ያንን አሮጌ ወረቀት ግን አብረው ይዘውልኝ ይምጡ፤ ያለ እሱ አልገዛም» አላቸው።

እማማ ፊደል ባይቆጥሩም ነገር ያውቃሉ። «ልጄ፣ ሰዓቱ ሐሰተኛ ከሆነ ወረቀቱን ለምን ፈለገው?» አሉኝ።

ሰዓቱን ከመክፈቴ በፊት ግን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ይህ ጥያቄ በእማማ አልተጀመረምና።

አያቶቻችን እውነተኛን ከሐሰተኛ መለየት የተማሩት በማርትሬዛ ብር ነው። በዚህ ወደብና በሐረር መንገድ ስንት ቡና፣ ስንት ቆዳ፣ ስንት ጠመንጃ የተሸጠው በእርሷ ነው። ገበሬው ብሯን ሲቀበል የንግሥቲቱን ዘውድ ያያል፤ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ያያል፤ የጠርዙን ጽሑፍ በጣቱ ይዳስሳል፤ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ይሰማል። አንዱ ከጎደለ አይቀበልም። ምኒልክ ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስማቸው ፓሪስ ላይ ብር ሲያስመቱ እንኳ ገበያው ማርትሬዛን ቶሎ አልተወም።

የሚገርመው ነገር ደግሞ ይኼ ነው። ሁሉም ማርትሬዛ ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት። ብሩ ግን ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ በቪየና ሲመታ ኖረ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጣልያን አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ ማኅተሙን አግኝታ ሮም ላይ አስመታች፤ ለንደንና ፓሪስም ተመታ። ሁሉም «1780» ይላሉ። አያቶቻችን ቀኑን አይተው ሳይሆን የብሩን ጥራትና ክብደት አምነው ነበር የሚቀበሉት። የመጀመሪያው ትምህርት ይኼ ነው፦ ላዩ ላይ የተጻፈ ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚችው ከተማ ይጀምራል።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሡ። በማግስቱ ጅቡቲ ደረሱ። ሚያዝያ 26 ቀን ኢንተርፕራይዝ በተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወጡ። ስለ አስተዳደራቸው መከራከር የዛሬ ጉዳዬ አይደለም፤ እያንዳንዳችን የየራሳችን ፍርድ አለን። ግን ይህንን አስቡት። ዛሬ እኛ ቁጥር ይዘን ተራ በምንጠብቅባት ከተማ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ስደተኛ ሆነው አልፈዋል። ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ተናገሩ። የሰማቸው ብዙ ነበር፤ የረዳቸው ግን አልነበረም። በእንግሊዝ የስደት ዘመናቸው ገንዘብ አጥሯቸው የብር የማዕድ ዕቃቸው በጨረታ ተሽጧል። ስደተኛ ዕቃውን ይሸጣል። ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም።

አሁን ሰዓቱን ላምጣ። በ1954 እ.ኤ.አ. ጃንሆይ፣ ከድል በኋላ ወደ ዙፋናቸው የተመለሱ ንጉሥ ሆነው፣ ስዊዘርላንድን ጎበኙ። በዚያው ዓመት የተሠራ አንድ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት የእርሳቸው ሆነ። ሞዴሉ 2497 ይባላል፤ ፊቱ ጥቁር ነው። ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃዋን ሁኔታ ያሳያል። 30 ቀን ያለውን ወር ከ31 ለይቶ፣ የካቲትንም ከነአራተኛ ዓመቷ አውቆ ራሱ ይቆጥራል። የፈረንጅ ነውና ጳጉሜን ግን አያውቅም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰባት ይላል። ንጉሡም ቢሆኑ እንደ እኛ ስድስት ሰዓት መቀነስ ነበረባቸው።

ከ1967ቱ ለውጥ በኋላ የቤተ መንግሥቱ ንብረት የት የት እንደገባ ሁላችሁም የሰማችሁትን ሰምታችኋል። ይህ ሰዓት በኖቬምበር 2015 እ.ኤ.አ. ጄኔቭ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ሊሸጥ ተዘጋጀ። የባለቤትነት ጥያቄ ተነሣበትና ከጨረታው ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 2017፣ እዚያው ጄኔቭ ተመልሶ ቀረበና ከተገመተለት በላይ፣ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ።

ልብ በሉ፤ በ2015 ማንም «ሰዓቱ ሐሰተኛ ነው» አላለም። ማሽኑም፣ ወርቁም፣ ሥራውም እውነተኛ ነበር። ጥያቄው «የማን ነው? ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ?» የሚል ነበር። አንድ ዕቃ ሁለት እውነት ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ አንዱ የራሱ እውነት ነው፣ ሌላው የመጣበት መንገድ እውነት።

የመንገዱ እውነት ስንት እንደሚያወጣ ደግሞ ሌላ ስደተኛ ንጉሥ ያሳያችሁ። የቬትናሙ ባዎ ዳይ በዚያው በ1954፣ የአገሩ ጉዳይ ጄኔቭ ላይ ሲመከር፣ እዚያው ከተማ አንድ የወርቅ ሮሌክስ ገዛ። እስኪሞት ድረስ ወደ ዙፋኑ አልተመለሰም፤ ፈረንሳይ ውስጥ ኖሮ በ1997 አረፈ። ሰዓቱ በ2002 ለጨረታ ሲቀርብ 235 ሺህ ዶላር ገደማ አወጣ። በ2017 እንደገና ሲቀርብ ከ5 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ሆነ። ሰዓቱ ያው ሰዓት ነው። ገዢዎች የተሻሙት በወርቁ ሚዛን አልነበረም፤ ማን እጅ ላይ እንደነበረ በማያጠራጥር መንገድ ስለታወቀ ነው።

«እንግዲያው ወረቀት ካለ ይበቃል» የምትሉ ካላችሁ፣ እሱም አይበቃም። በ2021 አንድ አሮጌ ኦሜጋ ስፒድማስተር ጄኔቭ ላይ በጨረታ ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ገዢው ራሱ የኦሜጋ ኩባንያ ነበር፤ ለሙዚየሙ። በ2023 ግን ሰዓቱ ከተለያዩ ሰዓቶች በተለቀሙ ክፍሎች የተገጣጠመ መሆኑ ወጣ፤ ኩባንያውም የቀድሞ ሠራተኞቹ እጅ እንዳለበት ተናገረ። የሠራው ፋብሪካ ራሱ ከተታለለ፣ እኔና እናንተ ገበያ ላይ ቆመን «አይቼ አውቃለሁ» ልንል ነው? የሰዓት ሰዎች እንዲህ ያለውን ፍራንከን ይሉታል። እያንዳንዱ ክፍል እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ላይ ሲሆን ግን ውሸት ነው።

አሁን ወደ እማማ ሰዓት እንመለስ። ጀርባውን በጥንቃቄ ከፈትኩት። ከአባቴ በተማርኩት ተራ ነው የሄድኩት፤ እናንተም ያዙት።

መጀመሪያ ፊቱ። ኦሜጋ ኮንስቴሌሽን ይላል። ጽሑፉን በማጉያ አየሁት፤ ፊደሎቹ ስል ናቸው፣ አልተጨማለቁም። አንዳንድ ቦታ ቡናማ ነጠብጣብ አለው። ደስ አለኝ፤ አሮጌ ፊት እንዲህ ነው የሚያረጀው። ስልሳ ዓመት የሞላው ሰዓት ፊቱ እንደ ትናንት ካበራ እንደገና ተቀብቶ ሊሆን ይችላል፤ ከተቀባ ዋጋው ይወርዳል። መስታወቱ መሀል ላይ በዓይን የማትታይ ትንሽ የኦሜጋ ምልክት አለች፤ በማጉያ አገኘኋት።

ቀጥሎ ጀርባው። ስምንት ኮከብ ከበላዩ ያለው የከዋክብት መመልከቻ ሕንጻ ተቀርጾበታል። የዚህ ሞዴል ምልክት ነው። ሥዕሉ ጠርዝ ጠርዙ አልደበዘዘም፤ ብዙ አልተወለወለም ማለት ነው። ወገኖቼ፣ አሮጌ ሰዓት ለመሸጥ ብላችሁ አታስወልውሉ። የሚያብረቀርቅ መስሏችሁ ገንዘባችሁን ነው የምትፍቁት።

ከዚያ ወርቁ። የስዊስ 18 ካራት ወርቅ ቢሆን ኖሮ በዚያ ዘመን ሄልቬሺያ የምትባል የሴት ራስ ያላት ትንሽ ማኅተም ይኖረው ነበር። ፈለግኩ፤ የለም። ጀርባው ብረት ነው፤ ላዩ ላይ ወርቅ ለብሷል። ለእማማ እንዲሁ ነገርኳቸው። «ነሐስም አይደለም፣ ሙሉ ወርቅም አይደለም። ወርቅ የለበሰ ብረት ነው።» ትንሽ ዝም አሉ። ሰፈር ውስጥ «የወርቅ ሰዓት አላቸው» ሲባል ኖረዋልና። ግን ማታለል አንዱ መንገድ ማሳነስ ነው፤ ሌላው ማግነን ነው። ነጋዴው አሳንሶ እንዳታለላቸው እኔ አግንኜ እንዳታልላቸው አልፈለግኩም።

በመጨረሻ ማሽኑ። መዳብ የመሰለ ቀለም ያለው፣ ንጹሕ የኦሜጋ ማሽን ነው፤ 551 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል። በእጅ ንቅናቄ ይሞላል። በሰዓት 19,800 ጊዜ ይመታል፤ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው የአባቴን ሱቅ ሰማሁት። ከጎኑ ከ19 ሚሊዮን የሚጀምር ተከታታይ ቁጥር አለ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የተሠሩት ኦሜጋዎች እዚያ አካባቢ ነው ቁጥራቸው።

«አሁን ወረቀቱን ይስጡኝ» አልኳቸው።

ከቦርሳቸው በፕላስቲክ የተጠቀለለ ቡናማ ወረቀት አወጡ። በፈረንሳይኛ የተጻፈ ደረሰኝ ነው፤ እዚሁ ጅቡቲ ከሚገኝ ሱቅ የተቆረጠ። ባለቤታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ከድሬዳዋ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ድሬዳዋ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው። ጅቡቲ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነጻ ወደብ ነበረችና፣ የውጭ ዕቃ እዚህ ይገኝ ነበር። የድሬ ሰው ባቡሩ የሚያመጣውን ዕቃ እንዴት ይጠብቅ እንደነበር ድሬዎች ታውቃላችሁ። ባለቤታቸውም በ1955 ዓ.ም. ለረጅም ጊዜ ባጠራቀሙት ገንዘብ ይህን ሰዓት ገዙ። «የባቡር ሰው ሰዓት ከሌለው ምን አለው?» ይሉ ነበር አሉ።

ደረሰኙ ላይ ስማቸው አለ። ቀኑ አለ። ከታች ደግሞ በብዕር የተጻፈ ቁጥር አለ። ማጉያዋን ዓይኔ ላይ ሰክቼ ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንድ በአንድ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ የጎረቤት ልጅ ከደረሰኙ ላይ ይከታተል ነበር። እስከ መጨረሻው አኃዝ ገጠመ።

እማማ አለቀሱ። ስለ ዋጋው አይመስለኝም።

ነጋዴው ወረቀቱን ለምን እንደፈለገ አሁን ገባችሁ? ሰዓቱ እውነተኛ መሆኑን ያውቅ ነበር። ያለ ወረቀቱ አንድ አሮጌ ኦሜጋ ነው። ከወረቀቱ ጋር ግን መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ ከአንድ ቤት ያልወጣ፣ ክፍሉ ያልተለዋወጠ፣ ያልተሰረቀ ሰዓት ነው። ማሽኑን የሚያሳምን ገዢ ብዙ ነው፤ መንገዱን የሚያሳምን ግን ወረቀቱ ብቻ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ወላጆቻችን ይህንኑ ነው።

ሰዓቱ እንዴት ሆነ? ሁለት ሌሎች ገዢዎች ዘንድ ሄድን፤ ሦስት ሆነን። ሰዓቱን ከእጃችን አልለቀቅንም። በመጨረሻ 75 ሺህ ፍራንክ አወጣ። የሰፈር ወሬ እንደሚለው ሚሊዮን አይደለም፤ ከ15 ሺህ ግን አምስት እጥፍ ነው። የልጁን የመጀመሪያ ሕክምና ይሸፍናል። ደረሰኙ ከሰዓቱ ጋር መሄድ ነበረበት። እማማ ከመስጠታቸው በፊት «አንዴ ቆይ ልጄ፣ ወረቀቱን በስልክህ ፎቶ አንሣልኝ። ስሙ ያለበት ሌላ ነገር የለኝም» አሉኝ። አነሣሁት። ዛሬ በልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ አለ።

ይህን ከነገርኳችሁ ዘንድ የአንዱን ወንድማችንን ጉዳትም ልንገራችሁ። እኅቱ ከዓረብ አገር የላከችለትን 90 ሺህ ፍራንክ «ገንዘብ ይጠፋል፣ ሰዓት ግን ዋጋውን ይይዛል» ብለውት ሮሌክስ ሰብማሪነር ገዛበት። ሲያሳየኝ ጀርባው መስታወት ነው፤ ውስጡ ይታያል። ሰብማሪነር መቼም የመስታወት ጀርባ ኖሮት አያውቅም። ቀኑን የሚያጎላው ትንሽ መስታወትም በደንብ አያጎላም። ማሽኑ ባትሪ ስላልሆነ ቆጣሪው ሳይዘል ይሄዳል፤ በዚህ ነው ያመነው። ኮፒ ሠሪዎች ይህን ካወቁ ቆይተዋል። ካርዱም ሳጥኑም ነበረው፤ ሁሉም ፎርጅድ። ሰዓት ሲሠራ ወረቀትም አብሮ ይሠራልና፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ሰዓቱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙ ብቻ አይበቃም፤ ሰዓቱ ራሱ መጀመሪያ መመስከር አለበት። የእማማ ሰዓት ክዳኑ ተከፍቶ ማሽኑ ከመሰከረ በኋላ ነው ወረቀቱ የተጠየቀው። ወንድማችን ተራውን ገለበጠው፤ ሳጥኑን አይቶ ሰዓቱን አመነ።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ሀብት ለማስቀመጥ ብላችሁ ከመንገድ ላይ የስም ሰዓት አትግዙ፤ የሚያስቸኩላችሁ ሻጭ ካለ ደግሞ ፈጥናችሁ ሽሹ። የቤተሰብ ሰዓት ካላችሁ አታስወልውሉ፣ ፊቱን አታስቀቡ፣ «ውስጡን ልየው» ብሎ ከዓይናችሁ ወደ ጓዳ ለሚወስድ ሰው አትስጡ። ለመሸጥ ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ፤ የመጀመሪያውን ዋጋም አትቀበሉ። ከሁሉም በላይ ደረሰኝ፣ የሰዓቱ ቁጥር፣ አባታችሁ ወይ እናታችሁ ሰዓቱን አድርገው የተነሡት ፎቶ ካለ ዛሬውኑ በስልካችሁ አንሡና ለአንድ ዘመድ ላኩ።

እኛ ስደተኞች ይህን ከማንም በላይ ማወቅ አለብን። በየመስኮቱ የሚጠየቀው እኛ ራሳችን ነን። «ማን ነህ? ከየት መጣህ? በማን እጅ አለፍክ? ወረቀትህ የት አለ?» ይባላል። ወረቀት የሌለው ሰው ሐሰተኛ ሆኖ አይደለም፤ እሳትና መንገድ ወረቀቱን በልተውበት ነው። ግን ዓለም በወረቀት ነው የሚያምነው። ጃንሆይም ጄኔቭ ላይ በአካል ቆመው ሲናገሩ ያልተከፈተ በር፣ ሰማንያ ዓመት ቆይቶ ለሰዓታቸው 2.9 ሚሊዮን ፍራንክ ከፈለ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፤ ለዕቃ ታሪክ የሚከፈለው ለሰው ታሪክ አለመከፈሉ። እስኪከፈል ድረስ ግን የየራሳችንን ወረቀት እንጠብቅ።

አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶች፣ የእኛ የልደት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ካርታ በእጃችሁ ካለ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልን። «ምን ያደርግላቸዋል» አትበሉ። የባቡር ሠራተኛው ደረሰኝ ስልሳ ዓመት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የኖረው ማንም ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ነው።

ቸር ይግጠመን።

ከጅቡቲ፣ ባልባላ